ደሴ በጉም ስትሸፈን ኮምቦልቻ ለምን ትገለጣለች?

ክቡራትና ክቡራን፣ በነሐሴ ከኮምቦልቻ ተነስቶ ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው ሐረጎ አቀበት ላይ ሲደርስ ጉም ውስጥ ይገባል። ታች ቦርከና ሜዳ ላይ ሰማዩ ቢደምንም ሩቅ ያለው ዛፍ ሁሉ ይታይ ነበር፤ ጥቂት ጠመዝማዛ ከወጡ በኋላ ግን ከፊት የሚሄደው መኪና የኋላ መብራቱ እንኳ ይጠፋል። በጥር ደግሞ ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል፤ ከላይ አፋፉ ላይ ያለው ሰው የጠዋት ፀሐይ እየሞቀ ቁልቁል ሲመለከት የሸለቆው ሆድ በነጭ ጉም ተሞልቶ ያገኘዋል።

ሁለቱ ለዓይን አንድ ናቸው። አመጣጣቸው ግን ለየቅል ነው፤ የሚገለጡበት ሰዓትም እንደዚያው። ስለዚህ ጉሙ የትኛው እንደሆነ ለይቶ ያወቀ ሹፌር፣ ገበሬ ወይም መንገደኛ መቼ እንደሚነሳለት ከሞላ ጎደል መገመት ይችላል። ዛሬ ላስረዳ የመጣሁት ይህንን ነው።

ከመሠረቱ እንነሳ። ጉም መሬት የነካ ደመና ነው። ጭስ አይደለም፤ የውሃ ተንም አይደለም፤ ተን በዓይን አይታይምና። አሁን እኛ ባለንበት አዳራሽ ውስጥ ተን አለ፣ ማንም ግን አያየውም። ማንቆርቆሪያ ሲፈላ አፉ አጠገብ ባዶ የሚመስል አጭር ክፍተት ይታያል፤ ተኑ ያለው እዚያ ነው። ትንሽ ከፍ ብሎ ነጭ ሆኖ የምናየው ቀዝቅዞ ወደ ጠብታነት የተመለሰ ውሃ ነው። ጉምም እንዲሁ የጠብታ ክምችት ነው። አብዛኞቹ ጠብታዎች 10 ማይክሮሜትር ገደማ ስፋት አላቸው፤ የራስ ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮሜትር ስለሚጠጋ ሰባቱን ብንደረድር ነው አንድ ፀጉር የምናክለው። እንዲህ ያለ ጠብታ በሰከንድ 3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይወርዳል፤ በአንድ ሙሉ ሰዓት 11 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ከታች የሚነሳ እጅግ ደካማ ነፋስ እንኳ ተሸክሞ ያቆየዋል። ጉም አየር ላይ ተንሳፎ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ውሃው ደግሞ ከምንገምተው በጣም ያነሰ ነው። በአንድ ሜትር ኩብ ጉም ውስጥ ያለው ፈሳሽ ውሃ ብዙውን ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.5 ግራም ነው። ወርዱም ርዝመቱም 4 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ክፍል 0.2 ግራም በያዘ ጉም ቢሞላ፣ ውሃው ሁሉ ተሰብስቦ ሁለት የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ይህን ያህል ጥቂት ውሃ መንገድ የሚዘጋው በቢሊዮን በሚቆጠሩ ጠብታዎች ተከፋፍሎ ብርሃንን በየአቅጣጫው ስለሚበትን ነው። የሜትዎሮሎጂ ባለሙያዎች ጉም ብለው የሚመዘግቡት ከዚህ የተነሳ የእይታ ርቀት ከ1 ኪሎ ሜትር በታች ሲወርድ ነው።

ተን ወደ ጠብታ የሚመለሰው መቼ ነው? በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ተን ሆኖ ሊቆይ የሚችለው ውሃ ቢበዛ 17.3 ግራም ነው። በ15 ዲግሪ 12.8፣ በ10 ዲግሪ 9.4፣ በ0 ዲግሪ 4.8 ግራም ብቻ። እንግዲህ 20 ዲግሪ የሞቀ አየር 12.8 ግራም ተን ካለው እርጥበቱ 74 ከመቶ ነው፤ ምንም አይታይም። ይኸው አየር 15 ዲግሪ ሲደርስ 100 ከመቶ ይሞላል። ይህችን መጠነ ሙቀት የጤዛ ነጥብ እንላታለን። ከዚያ በታች አንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር 0.7 ግራም ገደማ ተን ወደ ውሃነት ይመለሳል። ስለዚህ ብርድ ብቻውን ጉም አይሠራም። ደረቅ የኅዳር ሌሊት የደሴን ሰው እያንቀጠቀጠ አንዲት የጉም ፈትል ሳያሳይ ሊነጋ ይችላል፤ የጤዛ ነጥቡ ገና ታች ስለሆነ ነው። ወሳኙ በአየሩ ሙቀትና በጤዛ ነጥቡ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ቀጥሎ የምንሠራው ስሌት ሁሉ በእሱ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። ተን ወደ ጠብታ ለመመለስ የሚያርፍበት ብናኝ ይፈልጋል። ስኮትላንዳዊው ጆን አይትከን በ1880 ባቀረበው ጥናት ፍጹም ከተጣራ አየር ውስጥ ጉም እንደማይፈጠር፣ አቧራ ያለበት አየር ሲገባ ግን ወዲያው እንደሚፈጠር አሳይቷል። ብናኝ በሌለበት እርጥበቱ ከ100 ከመቶ በብዙ እጥፍ ካላለፈ ጠብታ አይወለድም። እርግጥ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ብናኝ ጠፍቶ አያውቅም፤ የመንገድ አቧራ፣ የናፍጣ ጭስ፣ የማለዳ ማገዶ ሁሉ አለ። ችግሩ ሲበዛ ነው። ያው ውሃ ለብዙ ብናኝ ሲከፋፈል ጠብታዎቹ ይበዛሉ፣ ያንሳሉም፤ ጠብታ በግማሽ ሲያንስ የእይታ ርቀትም በግማሽ ይቀንሳል። በሜትር ኩብ 0.1 ግራም ውሃ የያዘ ጉም ጠብታው 20 ማይክሮሜትር ከሆነ 260 ሜትር ያህል ያሳያል፤ 10 ማይክሮሜትር ከሆነ 130 ሜትር ብቻ። ማለዳ ባሕር ዛፍ ቅጠልና እርጥብ ማገዶ በሚነድበት ሰፈር ጉሙ የሚወፍረው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ደሴ እንውጣ።

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በመኪና 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ 650 ሜትር ሽቅብ ይወስዳል። በበልግ ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ከቆላው ተነስቶ ይህንኑ አቀበት ይወጣል። በምሥራቅ አዝዋ ገደል፣ በምዕራብ ጦሳ ተራራ ስላለ ነፋሱ ዞሮ የሚያመልጥበት ሰፊ በር የለውም፤ መውጣት አለበት።

አየር ሲወጣ ከላዩ ያለው ግፊት ይቀንሳል። ግፊቱ ሲቀንስ ይሰፋል፣ ለመስፋት ደግሞ ከራሱ ሙቀት ስለሚያወጣ ይቀዘቅዛል፤ በ100 ሜትር 1 ዲግሪ ያህል። ማንም አላቀዘቀዘውም፣ በረዶም አላገኘውም፤ መውጣቱ ብቻ በቂ ነው። የጤዛ ነጥቡም ይወርዳል፣ ግን በ100 ሜትር 0.2 ዲግሪ ገደማ ብቻ። ስለዚህ ልዩነታቸው በየ100 ሜትሩ 0.8 ዲግሪ ይጠባል፤ አንድ ዲግሪ ልዩነት ለመዝጋት 125 ሜትር መውጣት ይበቃል ማለት ነው።

በዚህ እናስላ። ኮምቦልቻ ላይ አየሩ 20 ዲግሪ፣ የጤዛ ነጥቡ 16 ዲግሪ ይሁን። ልዩነቱ 4 ነው፤ በ125 ሲባዛ 500 ሜትር። 1850 ላይ 500 ስንደምር 2350 ሜትር ይሆናል። የደመናው ወለል ያ ነው። የኮምቦልቻ ሰው ቀና ብሎ "ደመናው ወርዷል" ይላል፤ የደሴ ሰው 150 ሜትር ያህል ደመናው ውስጥ ገብቶ "ጉም ነው" ይላል። ነገሩ አንድ ደመና ነው።

ከዚህ የሚወጣ ቀላል መለኪያ አለ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 650 ሜትር ለ125 ሲካፈል 5.2 ነው። እርጥብ ነፋስ ሽቅብ እየነፈሰ ኮምቦልቻ ላይ በአየሩ ሙቀትና በጤዛ ነጥቡ መካከል ያለው ልዩነት 5 ዲግሪና ከዚያ በታች ከሆነ ደሴ በጉም ውስጥ ናት ማለት ይቻላል። አየሩ 24፣ የጤዛ ነጥቡ 16 ቢሆን ልዩነቱ 8 ነው፤ የደመናው ወለል 2850 ሜትር ላይ ይሆንና ከተማዋ ትገለጣለች፣ ምናልባት ጦሳ ራስ ላይ ብቻ ይቀመጣል። ያንኑ ቀን ዝናብ ዘንቦ አየሩ ወደ 19፣ የጤዛ ነጥቡ ወደ 15.5 ቢወርድ ልዩነቱ 3.5 ይሆናል፤ ወለሉ 2290 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ ጥርት ብላ የዋለች ደሴ ከዝናብ በኋላ በአንድ ጊዜ የምትሸፈነው እንዲህ ነው።

ከወለሉ በላይ ጉሙ አንድ ዓይነት ውፍረት የለውም። በየ100 ሜትሩ ከፍታ በሜትር ኩብ እስከ 0.2 ግራም የሚደርስ ውሃ ይጨመራል። ቅዝቃዜው ግን ይዘገያል፤ አንድ ግራም ተን ወደ ውሃ ሲመለስ 2500 ጁል ያህል ሙቀት ስለሚለቅ፣ ደመና ውስጥ የሚወጣ አየር በ100 ሜትር ግማሽ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚቀዘቅዘው። በከተማዋ ታችኛው ሰፈር ከሩቅ የሚታይ ሰው ወደ ጦሳ ግርጌ ሲወጣ የሚጠፋው በዚህ ጭማሪ ነው። ወደ ላይ የሸሸ ሰው ጉሙን ይበልጥ ይገባበታል።

መለኪያው የሚስትበትም ጊዜ አለ። ነፋሱ ከምዕራብ ከመጣ አየሩ ከጦሳ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሲወርድ ይጨመቃል፣ ይሞቃል፣ ጉሙም ይበተናል። ማለዳ ላይም አይሠራም፤ ሌሊቱን ሸለቆ ውስጥ የተኛው ቀዝቃዛ አየር ከላይኛው ጋር ስላልተቀላቀለ ኮምቦልቻ ላይ የተለካው ቁጥር ስለ ደሴ የሚናገረው የለም። ጥሩ የሚሠራው ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ነፋስ እየነፈሰ ነው።

ሽቅብ የሚወጣው ጉም የሚኖረው በነፋሱ ነው። ነፋሱ እስከነፈሰ ድረስ አዲስ አየር እየወጣ አዲስ ጠብታ ይሠራል፤ ስለዚህ ፀሐይ ወጣች ብሎ አይነሳም። ቀኑን ሙሉ፣ አንዳንዴም ለተከታታይ ቀናት ሊቆይ ይችላል። ለመነሳት ወይ ነፋሱ መዞር አለበት፣ ወይ አየሩ መድረቅ አለበት፣ ወይ ታች ያለው መሬት ሞቆ ልዩነቱን ከ5 ዲግሪ በላይ ማስፋት አለበት።

የኮምቦልቻው ጉም ሌላ ነው። ይህ የሚፈልገው ጥርት ያለ ሌሊት ነው። ደመና ከሌለ መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ ከመሬት ጋር የተነካካው አየርም ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ አየር ስለሚከብድ ከጦሳና ከሐረጎ ተዳፋት እየተንሸራተተ ወደ ቦርከና ሸለቆ ይወርዳል፤ ሞቃቱ አየር ከላይ እንደ ክዳን ይቀመጥበታል። ከታች የወንዙ፣ የመስኖው፣ በዋዜማው የዘነበበት ማሳ እርጥበት ይጨመራል። ረጅም ሌሊት ይፈለጋል፤ ስለዚህ ወራቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ናቸው፣ በተለይ ሳይጠበቅ የዘነበ ዝናብ መሬቱን አርሶ ሰማዩ ወዲያው ሲጠራ።

ብዙ ሰው የሚስተው ነፋሱን ነው። ፍጹም ጸጥ ያለ ሌሊት ለጉም ይበጃል ተብሎ ይታሰባል። ጸጥታው ከመጠን ሲያልፍ ግን የሚቀዘቅዘው ሣሩንና ቆርቆሮውን የነካው ስስ አየር ብቻ ስለሚሆን ተኑ ጤዛ ሆኖ መሬት ላይ ያርፋል፤ ጉም አይነሳም። በሰከንድ ከ1 እስከ 3 ሜትር የሚነፍስ ቀላል ነፋስ ሲኖር ቅዝቃዜው ወደ ላይ ጥቂት ሜትሮች ይደባለቅና ጉሙ ይቆማል። ነፋሱ ከዚያ ሲበረታ ደግሞ ከላይ ያለውን ደረቅና ሞቃት አየር አውርዶ ይበትነዋል።

ሌላው የሚያስገርመው የንጋቱ ሰዓት ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ፀሐይ ስትወጣ ጉሙ ወዲያው ይሳሳል ብሎ የሚነሳ መንገደኛ ብዙ ጊዜ ይሞኛል። የመጀመሪያዋ ጨረር ጤዛውን ታተናለች፤ አየሩንም በጥቂቱ ታናውጣለች። ስለዚህ ለግማሽ ሰዓት ያህል ጉሙ ሊወፍር ይችላል። ከዚያ መሬቱ ሲሞቅ ከታች ይሳሳና ከፍ ብሎ እንደ ዝቅተኛ ደመና ይንሳፈፋል፤ ብዙውን ጊዜ ከጠዋቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ተበትኖ ያልቃል። ከኮምቦልቻ አየር ማረፊያ የጠዋት በረራ ያለው ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው፤ ማኮብኮቢያው ሜዳው ላይ ነው፣ ጉሙም የሚተኛው ሜዳው ላይ ነው።

ከሁለቱ ውጪ በአካባቢያችን ሁለት ሌሎች አሉ፤ ቶሎ እንለፋቸው። አንደኛው ሐይቅ ላይ የሚታየው ነው። የሐይቁ ውሃ ሙቀቱን በቀላሉ ስለማይለቅ በበጋ ማለዳ ከላዩ ካለው አየር ይሞቃል፤ ከውሃው የሚነሳው ተን ቀዝቃዛውን አየር ሲያገኝ እንደ ጭስ ይነሳል። ቁመቱ አጭር ነው፤ ከባሕሩ ርቆም አይሄድም። ሁለተኛው የዝናብ ጉም ነው፤ ካፊያ ለረጅም ሰዓት ሲወርድ ጠብታዎቹ እየተነኑ ከታች ያለውን አየር እስኪጠግብ ይሞሉታል። የክረምት ሙሉ ቀን ካፊያ ካለ ይህኛው ከሽቅቡ ጉም ጋር ይደመራል፤ ደሴን ከሁሉ አብዝቶ የሚዘጋውም ይህ ጥምረት ነው።

ተማሪዎችን ለምታስተምሩ ሁለት ሙከራ አለኝ።

የመጀመሪያው አየር በመስፋት ብቻ እንደሚቀዘቅዝ ያሳያል። የ2 ሊትር ሃይላንድ ውሰዱ፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ ጨምራችሁ በደንብ አነቃንቁ። ክብሪት ጫሩና አጥፉት፤ ሃይላንዱን በትንሹ ጨምቃችሁ አፉን ጭሱ ላይ አድርጋችሁ ልቀቁት፣ ጭሱን ይስባል። ክዳኑን አጥብቁ። በሁለት እጅ ለ10 ሰከንድ ያህል ጨምቁ፣ ከዚያ በድንገት ልቀቁ። ውስጡ ጉም ይሆናል፤ ስትጨምቁት ይጠፋል፣ ስትለቁት ይመለሳል። ከበስተጀርባው ጥቁር ጨርቅ ካለ ጎልቶ ይታያል። ካልሠራ ብዙውን ጊዜ ክዳኑ ያስተነፍሳል ወይም ጭሱ አልገባም። ጭስ ሲበዛም ያበላሻል፤ ሁልጊዜ ነጭ ስለሚሆን ለውጡ አይለይም። ውሃው የፈላ ከሆነ ደግሞ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ግድግዳውም በላብ ስለሚሸፈን ውስጡ አይታይም። ያለ ጭስ አንዴ፣ ከጭስ ጋር አንዴ ብታሠሩት የአይትከንን ነገርም አብረው ያዩታል።

ሁለተኛው የጤዛ ነጥብን መለካት ነው። የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ጣሳ፣ የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር፣ የተፈጨ በረዶ ይበቃል። ጣሳውን ወረቀቱን ልጣችሁ በሳሙና እጠቡት፤ የጣት ቅባት ካለ ላቡ በትክክል አይታይም። ብርጭቆና ፕላስቲክ አይሆኑም፤ ቅዝቃዜውን ወደ ውጭ ቶሎ አያሳልፉም። በመጀመሪያ የአየሩን ሙቀት ጥላ ውስጥ፣ ከመሬት 1.5 ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ በደረቅ ቴርሞሜትር ለኩ። እርጥብ ከሆነ ውሃው ሲተን ቴርሞሜትሩን ያቀዘቅዘዋል፣ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣችኋል። ከዚያ ጣሳውን እስከ ግማሹ የቧንቧ ውሃ ሙሉ፤ በረዶ አንድ ማንኪያ ጨምሩ፣ ግማሽ ደቂቃ አማስሉ፣ የጣሳውን ገጽ ተመልከቱ፤ ካልደበዘዘ ሌላ ማንኪያ። ልክ ሲደበዝዝ ውሃው ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር የሚያሳየውን ቁጥር ጻፉ። ከዚያ በረዶ ሳትጨምሩ እንዲሞቅ ተዉትና ድብዛዜው ሲጠፋ ድጋሚ ጻፉ፤ የሁለቱ አማካይ የጤዛ ነጥብ ነው። ሁለቱ ከ2 ዲግሪ በላይ ከተራራቁ በረዶውን በአንድ ጊዜ አብዝታችኋል። ስታነቡ ጣሳው ላይ አትተንፍሱ፤ የትንፋሽ እርጥበት ሐሰተኛ ውጤት ይሰጣል። በደረቁ ወራት የጤዛ ነጥቡ በረዶ ብቻውን ከሚያወርደው በታች ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ጨው ጨምሩበት። ኮምቦልቻ ያለ ትምህርት ቤት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይህን ለክቶ፣ ልዩነቱን በ125 አባዝቶ፣ ቀና ብሎ የሐረጎን ራስ ቢያይ ስሌቱ ወዲያው ይፈተናል።

ለገበሬው አንድ ሁለት ቃል። ሌሊት ሜዳ ላይ የቆመ ጉም ከውርጭ ይከላከላል፤ የመሬትን ሙቀት ስለሚያግድ፣ ተኑም ወደ ውሃ ሲመለስ ሙቀት ስለሚለቅ። በአንጻሩ ቅጠል ላይ ለሰዓታት የሚቆይ እርጥበት ለስንዴ ዋግ የሚመች ነው፤ ጉም በተደጋጋሚ የሚያርፍበት ማሳ ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት። መድኃኒት የሚረጨውም ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ ነው፤ በእርጥብ ቅጠል ላይ ይቀጥንና ይንጠባጠባል።

በመጨረሻ የሐረጎ መንገድ። ረጅሙን መብራት ማብራት በጉም ውስጥ ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው፤ ጠብታዎቹ ብርሃኑን ወደ ሹፌሩ ዓይን ይመልሱታል፣ ነጭ ግድግዳም ይሆንበታል። አጭሩ መብራት ወደ መሬት ስለሚያዘነብል ይሻላል፤ የጉም መብራት ያለው ያብራ።

ፍጥነትን የሚወስነው የሚታየው ርቀት ነው። በእርጥብ አስፋልት፣ በሜዳ፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሹፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ 17 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ለመቆም ሌላ 15 ሜትር ይፈልጋል፤ በድምሩ 32 ሜትር። በ60 ኪሎ ሜትር 60 ሜትር፣ በ80 ኪሎ ሜትር 95 ሜትር ይሆናል። ቁልቁለት ላይ ይጨምራል፤ ጎማው ያለቀ ወይም ጭነት የከበደ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ከፊት የሚመጣው መኪና መስመሩን ስቶ ቢገባ ሁለቱም መቆም አለባቸውና፣ ማቆሚያው ርቀት ከሚታየው ግማሽ በላይ መሆን የለበትም። 60 ሜትር ብቻ በሚያሳይ ጉም ስለዚህ 40ም ይበዛል። ቁልቁል የሚወርድ ከባድ መኪና ከጉሙ በፊት ማርሹን ይቀንስ፤ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ፍሬን ላይ መንጠልጠል ፍሬኑን ያግላል፣ የኋላውንም መኪና ያሳስታል።

ከፊት ያለው መስታወት ከውስጥ ሲደበዝዝ በእጅ መጥረግ አይበጅም፤ ቅባት ይተዋል፣ ቶሎም ይመለሳል። ነገሩ ከጣሳው ጋር አንድ ነው፦ የተሳፋሪዎች ትንፋሽ የውስጡን የጤዛ ነጥብ ከመስታወቱ ሙቀት በላይ አውጥቶታል። መስኮት በትንሹ መክፈት ተኑን ያስወጣል፤ ማሞቂያውን ወደ መስታወቱ ማዞር መስታወቱን ከጤዛ ነጥቡ በላይ ያደርገዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ በጥቂት ደቂቃ ያጠራዋል፤ አየሩን ውስጥ ለውስጥ የሚያዞረው ቁልፍ ግን መዘጋት አለበት፣ ያለዚያ ያንኑ እርጥብ አየር መልሶ ይነፋዋል።